ክኒኔን አትንኩብኝ

እኔ ውሻ አልፈራም። ጨለማ አልፈራም። አጎቴ ማሽን ሲበላሽባቸው የሚወረውሩትን መቀስ እንኳ ጎንበስ ብዬ አሳልፈዋለሁ እንጂ አልፈራም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ማስመለስ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ የሚስቀው ስቆ ይጨርስና እቀጥላለሁ።

በሽታን አይደለም የምፈራው። ትኩሳት ይምጣ፣ ጥርሴ ይታመም፣ የማሽን መርፌ ጣቴን ይውጋኝ፣ ችዬ አድራለሁ። ያ ከሆድ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ ላይ የሚለው ነገር ግን፣ አፍ በምራቅ የሚሞላበት፣ ጆሮ የሚግልበት ሰዓት፣ እሱ ሊመጣ ነው ብዬ ሳስብ ብቻ ነፍሴ እግሬ ስር ትወድቃለች። የሚያስቀው ደግሞ ከሕፃንነቴ ወዲህ አስመልሼ አለማወቄ ነው። እማዬ «ያልመጣ እንግዳ በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂ ዕድሜሽ አለቀ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እላታለሁ።

ስለዚህ እጠነቀቃለሁ። ያደረ ምግብ አልበላም። ሆዴን አመመኝ ካለ ሰው አጠገብ አልቀመጥም። ኪሴ ውስጥ ሎሚ አይጠፋም፤ ትንሽ ካቅለሸለሸኝ እሱን አሸታለሁ። ሠፈሩ ውስጥ ስሜን የሚያውቀው የለም፤ ሎሚት ነኝ።

ሥራዬ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። አምስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ወጥቼ ቀጥታ አጎቴ ቤት ማሽን ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ግማሹን የስፖንጅ ክምር ይዞታል፣ ወለሉ በክር ቁርጥራጭ ለስልሷል፣ የማስቲሽ ሽታ ከግድግዳው አይለቅም። የምንሠራው አጎቴ፣ ልጃቸው ቀብራራውና እኔ ነን። አጎቴ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ። እኔ እሰፋለሁ፣ አለብሳለሁ። ቀብራራው ደግሞ... ቀብራራው ፀጉሩን ያበጥራል። አይ፣ አልዋሽም፤ የወንበሮቹን ብሎን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ደንበኛ ሲመጣ ግን እጁን ኪሱ ከቶ መሀል ላይ የሚቆመው እሱ ነው።

በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። አውቶቡስ አልብሰህ ስትጨርስ፣ የሰፋው ሰው በመጀመሪያው ጉዞ አብሮ ይሄዳል። ስፌት ማንነቱ የሚታየው ሰው ሲቀመጥበትና መንገድ ሲንጠው ነው፤ የተተረተረ ካለ መርፌህን አውጥተህ እዚያው ትመልሰዋለህ። መኪናው ሲደርስ ሾፌሩ ወንበሩን በእጁ መታ መታ ያደርግና «ማነው የሰፋው?» ይላል። «እኔ» ያለ ሰው ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሾፌር አፍ ይዞራል። ሌላ ባለመኪና ሲመጣ «እገሌ ይስፋልኝ» ይላል። ባለሙያ ማለት እሱ ነው፤ የቀረው ተላላኪ።

እኔ የሰፋሁት አውቶቡስ አገር ሞልቷል። «እኔ» ያልኩበት ግን አንድም የለም። ለምን ቢባል አውቶቡስ ውስጥ አልገባማ! ጠመዝማዛ መንገድ፣ የተዘጋ መስኮት፣ በፌስታል የሚያስመልስ ሰው... ፌስታል ሲንኮሻኮሽ መስማቱ ራሱ ይበቃኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሄደው ቀብራራው ነው። ሁልጊዜ «እኔ» የሚለውም እሱ።

ዘንድሮ ግን አንዲት ሴትዮ መጡ፤ ድምፃቸው ከአውቶቡስ ጥሩምባ የሚበልጥ። እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ አሮጌ አውቶቡስ ግቢው ውስጥ አስገቡና «ይሄን አሳምሩልኝ» አሉ። «ከወደድኩት የቀሩትን መኪኖቼን በሙሉ ለሰፋው ሰው ነው የምሰጠው። ለቤቱ አይደለም፣ ለሰውየው። የራሱን ማሽን እኔ አቆምለታለሁ።»

«ለሰውየው» ሲሉ ቀብራራው አንገትጌውን አስተካከለ። እኔ ደግሞ እግሬ ማሽኑን ሳላስበው ረግጦት መርፌ ሰበርኩ። የራሴ ማሽን! «ተነሺ፣ ደንበኛ መጣ» የማይባልበት፣ ዘይቱን እኔ የማጠጣው፣ ክሩን እኔ የምመርጥለት!

ከሥራ ስንወጣ አጎቴ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በዚህኛው እኔ ነኝ የምሄደው።»

«ወዴት?»

«በአውቶቡሱ ነዋ።»

መቀሱን አስቀምጠው አዩኝ። «አንቺ? ታክሲ ውስጥ አንድ ፌርማታ ሳትሄጂ ወርደሽ በእግርሽ የምትመጪው?»

«አዎ፣ እኔ።»

ቀብራራው ስፖንጅ ላይ እንደተጋደመ «ኧረ ትሂድ አባዬ» አለ። «ሎሚ በኩንታል ጭነን እንከተላታለን።»

«አንተ ደግሞ ማበጠሪያህን በኩንታል ጫን!»

አጎቴ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና «ሂጂ» አሉ። «ግን እሱም ይሄዳል። መንገድ ላይ ዘለሽ ብትወርጂ ሥራዬ ሜዳ ላይ አይቀርም።»

ሰፋሁት። እትዬ የመረጡት ጨርቅ ወፍራም ነው፣ መርፌ የሚበላ፤ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ሰፋሁት። ሲያልቅ መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

መድኃኒት የምትሸጠዋ ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «አቤት?» አለችኝ።

«ለመንገድ የሚሆን፣ ማቅለሽለሽ የሚከላከል ክኒን አለ?»

«አለ። መኪና ያስመልስሻል?»

«አያስመልሰኝም።»

«ታዲያ?»

«እንዳያስመልሰኝ ነዋ!»

አየችኝ። ዝቅ ብላ ሆዴንም አየችው። «እርጉዝ ነሽ እንዴ? መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

«ከስፌት ማሽኔ ካልሆነ በቀር ከማንም!»

ከኋላዬ የቆሙትን ሰውዬ ሳል አነቃቸው። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። «ማስመለስ ትፈሪያለሽ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። እንዲህ በቀጥታ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሌላው ሰው ቅብጠት ነው፣ ጥጋብ ነው ነው የሚለኝ። «ስሚኝ እህቴ። ይሄ ክኒን ማቅለሽለሹን ይይዝልሻል፤ ፍርሃቱን አይይዝልሽም። ፍርሃቱ ሲመጣብሽ ክኒኑ አልሠራም ብለሽ ሌላ እንዳትጨምሪ። ከመነሳትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ፣ በቃ። እንቅልፍም ያመጣል። ለፍርሃቱ ደግሞ እሱን የሚያክሙ ሰዎች አሉ፤ ስትፈልጊ ነይ፣ እነግርሻለሁ።»

አንድ አለችኝ። እናቴ ትሙት፣ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ግን እኛ ወንበር የምንሰፋ ሰዎች አንድ የሚባል ነገር አናምንም። ነጠላ ስፌት ለመጋረጃ ነው። ሰው ለሚቀመጥበት ነገር ሁልጊዜ ድርብ ነው የምንሰፋው፤ አጎቴ ነጠላ ካዩ ቀደው ይጥሉታል። «አንዱ ቢበጠስ አንዱ ይይዛል» ይላሉ። በጉዞው ቀን ጠዋት ክኒኗን መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየኋት። ብቻዋን ናት። ነጠላ ስፌት መሰለችኝ። ደረብኳት።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ትንሽ ነው። መናኸሪያው። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሱ። ቀብራራው ጎንበስ ብሎ «ፌስታል ላምጣልሽ?» ሲለኝ፣ እኔ የሚያቃጥል መልስ ስፈልግ፣ ምላሴ አልነሳ ሲለኝ። ምላሴ እኮ ነው! ከዚያ በቃ፣ ጭልጥ።

ስነቃ አውቶቡሱ ባዶ ነው። ጉንጬ ወንበሩ ላይ ተለጥፏል፣ ለሃጬ በራሴ ስፌት ላይ ፈሷል፣ አፌ ውስጥ ስፖንጅ የወተፉብኝ ይመስላል። ከውጭ የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ በሌላ መኪናቸው ቀድመውን ደርሰው ነበር። ሾፌሩ «ማነው የሰፋው?» ብለው ጠይቀው ጨርሰዋል። ማን «እኔ» እንዳለ ልንገራችሁ?

እየተንገዳገድኩ ወረድኩ። እግሬ መሬት ሳይረግጥ «ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ የሰፋሁት!» አልኩ።

እትዬ ከእግር እስከ ራስ ለኩኝ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

«የአክስቴ ልጅ ናት» አለ ቀብራራው። «ክር ትቆርጥልኛለች። ትንሽ... ክኒን ትወስዳለች።» የመጨረሻዋን ቃል ዝቅ አድርጎ ነው ያላት፤ ልክ እንደ ነውር።

ደሜ ፈላ። «አዎ እወስዳለሁ! ክኒን የዋጠ ሰው እጅ የለውም? አጎቴን ይጠይቋቸው!»

«አባት በልጁ ላይ ሊመሰክር?» አሉ እትዬ። « ተዪኝ እባክሽ።»

ሾፌሩ ጢማቸውን እያሻሹ «ልጄ፣ መንገዱን ሙሉ ስታንኮራፊ እኮ ነው የመጣሽው» አሉ። «ባለሙያ ሥራው ላይ ይተኛል?»

«ወንበሩ ቢመች ነዋ ጋሼ!»

እትዬን ሳቅ አመለጣቸው፤ ግን ቶሎ መለሱት። «እኔ በጭቅጭቅ መኪና አልሰጥም። ነገ ጠዋት ሰው ጭነን እንመለሳለን፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ዓይናችሁን ገልጣችሁ ኑ። ስንደርስ እወስናለሁ።»

ማምሻውን እማዬ ደወለች። ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። «ወንድሜ ነገረኝ። ልጄ፣ ያን ክኒን ወርውሪው። ሰው ምን ይላል? ልብሽን አጠንክረሽ ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«እማዬ፣ እስቲ አንቺ መነጽርሽን ወርውሪና ልብሽን አጠንክረሽ መርፌ ውስጥ ክር አስገቢ።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ...»

«ምላሴ ደህና ነው፤ የደረብኩ ጊዜ ነው እምቢ ያለኝ። ነገ እንደተባልኩት አንድ ነው የምውጠው።»

«ከፈራሽስ?»

«እፈራለኋ! ፈርቼ እሄዳለኋ!»

በማግሥቱ መናኸሪያው ላይ አልተደበቅኩም። እትዬ ፊት ቆሜ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አንዷን ክኒን በውሃ ዋጥኳት።

«ጀግና ያለ ክኒን ይሄዳል» አለ ቀብራራው።

«ጀግና የሰው ስፌት አይሰርቅም» አልኩት። አጠገባችን የቆሙ አንዲት ሴት «ውይ!» አሉ፤ ጠቡ ጥሟቸው ጠጋ አሉ።

ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ መጣብኝ። ሆዴ አይደለም። ሆዴን ጠየቅኩት፤ ጸጥ ብሏል። የመጣው ፍርሃቱ ነው። ልቤ ክር ሳይገባለት እንደሚሮጥ ማሽን ተንቀጠቀጠ። ኪሴ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች «አንድ ጨምሪ፣ ምን ትሆኛለሽ» የሚሉኝ መሰለኝ። ሞኛችሁን ፈልጉ አልኳቸው። መስኮቴን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ስፌት በዓይኔ መከተል ጀመርኩ፤ ጥግ ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው፣ እንደገና ጥግ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሲነግሩት ቀላል ይመስላል። እዚያ ወንበር ላይ ሆናችሁ ሞክሩት።

ይሄን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «እእህ» አለ።

ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል እለየዋለሁ። ፌስታል እስኪንኮሻኮሽ ጠበቅኩ፤ ፌስታል አልነበረውም። ነገሩ ወንበሩ ላይ ሆነ። ዝርዝሩን ከእኔ አትጠብቁ፤ አላየሁትም፤ ሽታው ሳይደርስብኝ በሰው ጭን ላይ ተረማምጄ በሩ ጋ ደርሻለሁ። «ጋሼ ያቁሙ! ያቁሙ እንጂ!»

ሾፌሩ ጥግ ይዘው አቆሙ። ወርጄ ራቅ አልኩ፣ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጠመጠምኩ፣ ለመኪናው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ሆዴ ግን አሁንም ጸጥ እንዳለ ነው። ክኒኗ የራሷን ሥራ ሠርታለች። የቀረው የእኔ ነው።

ከውስጥ እትዬ ጮኹ። «ወይ አዲሱ የወንበር ልብሴ! ስፖንጁ ጠጣው ማለት ነው! ስፖንጅ አንዴ ከጠጣ ዕድሜ ልኩን ይሸታል! አንተ ባለሙያ፣ ና እስቲ አንድ በለው!»

«እ... ይነቀል?» አለ ቀብራራው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ አይደለህ የሰፋኸው!»

«ቢላ ያለው ሰው አለ? ከጎን ቀደድ አድርገን...»

ቢላ! በእኔ ስፌት!

ዞርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የዞርኩት፤ ግን ዞርኩ። «ቢላ ብታስነካው ወየውልህ! እጅህን ሰብስብ!»

በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ታዲያ አንቺ ነይና አውልቂው!» አለኝ።

«አልነካውም! አልነካውም፣ አላየውም፣ አጠገቡም አልደርስም! አንተ ግን ትነካዋለህ። እኔ ነኝ የሰፋሁት ያልክ አንተ ነህ፣ ሞቱም ሽረቱም ያንተ ነው። ስማኝ! ከመቀመጫው ስር፣ በኋላ በኩል፣ እጅህን ስደድ። የታጠፈ ጨርቅ አለ። አገኘኸው?»

«...አገኘሁት።»

«ገልብጠው። ዚፕ አለ። ወደ መስኮቱ ሳበው። ወደ መስኮቱ አልኩህ! ወደ መተላለፊያው ከሳብከው ጨርቁን ይነክሳል።»

ዚፑ ሲከፈት እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። እንደዚያ የሚጥም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«አሁን ልብሱን ወደ ውስጥ እየጠቀለልክ አውጣ፤ ያለው ነገር መሀል ላይ ይቀራል። ከስሩ ላስቲክ አለ። ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግና ግለጠው። ከዚያ ስፖንጁን እትዬ በእጃቸው ይንኩት።»

ውስጥ መንኮሻኮሽ ሆነ። ቀብራራው «ኡፍ»፣ «ወይኔ» ይላል። ኋላ የእትዬ ድምፅ መጣ። «ደረቅ ነው። ሰዎች፣ ደረቅ ነው እኮ!»

ሾፌሩ ከመኪናው ወረዱ። ገና መንገዱን ሳንጋምስ፣ እዚያው አስፋልት ዳር፣ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው «ማነው የሰፋው?» አሉ።

«እኔ!»

«እንዲህ ያለ ወንበር በሾፌርነት ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ሌላው ልብሱን ከወንበሩ ጋር በሽቦ ጠርንፎ ነው የሚሰጠን። ይሄን ዚፕና ላስቲክ ማን አስተማረሽ?»

«ፍርሃቴ ነዋ ጋሼ! አጎቴ ወንበር ሲያዩ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚታያቸው። እኔ ግን የሚያስመልስ ሰው ነው የሚታየኝ። ለእሱ ነው የሰፋሁለት።»

ያስመለሰው ሰውዬ ወርዶ አፉን ሲጉመጠመጥ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ እህቴ» አለኝ።

«ምንም አይደል ወንድሜ፤ ማንም ላይ ይደርሳል። እዚያው ሁን ብቻ፣ እንዳትጠጋኝ።»

ቀጥሎ ቀብራራው ወረደ፤ እጆቹን ከገላው አርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ፀጉሩ ተንጨባሮ። ድምፁን አጥፍቶ «አንቺ... ያ ክኒን አለሽ?» አለኝ።

«አለኝ። ግን ከረሜላ አይደለም፣ አይታደልም። መድኃኒት ቤት ሄደህ ራስህ ጠይቅ። መጀመሪያ እርጉዝ ነህ ወይ ይሉሃል፤ አትደንግጥ።»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ቀብራራው «እሷ ናት የሰፋችው» አለ ለእትዬ፤ መሬት መሬቱን እያየ። ደግ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ወንበር አውልቅ እንዳይሉት ፈርቶ ነው።

እትዬ እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጡ። «ማሽኑን የት ላቁምልሽ?»

«መስኮት አጠገብ። ማስቲሽ የማይሸትበት።»

«ይሁን። መኪኖቼንም አንድ በአንድ ትወስጃለሽ።» ከዚያ ጠጋ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። «ግን እኔ እናትሽ የምሆን ሰው ልምከርሽ። ከእንግዲህ ይሄን ክኒን ተዪው። አየሽ አይደል? አሁን እኮ ደፋር ሆነሻል።»

«አልሆንኩም እትዬ። ይኸው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይንኩት። ቀሪዎቹን መኪኖች ሰፍቼ በእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ጉዞ እሄዳለሁ፤ በእያንዳንዳቸው ስሄድ አንድ እውጣለሁ። የፍርሃቱንም ሐኪም እጠይቃለሁ፤ ግን ሰው ስላፈረብኝ ሳይሆን እኔ ስለፈለግኩ። ይሄ ካስጠላዎት ማሽኑን ለሌላ ይስጡት።»

ይሄን ያልኩት አፌ ከአእምሮዬ ቀድሞ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለስ አይቻል። እትዬ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የራሴን ማሽን፣ ገና ያላየሁትን፣ በምላሴ ሸኘሁት አልኩ በልቤ።

«አጎትሽ እንዴት ቻሉሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ግቢ፣ መሸብን።» ገና ጠዋት ነበር።

ሰው ሁሉ ገባ። ሽታው ገና አልወጣም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ጠመዝማዛው ደግሞ ገና አላለቀም፤ ከፊታችን እየተጠቀለለ ወደ ታች ይወርዳል። በሩ ላይ አንድ እግሬን ደረጃው፣ አንድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሾፌሩ በመስታወታቸው አዩኝ።

«ልጄ፣ ትችያለሽ?»

«አልችልም» አልኳቸው፤ ገብቼ ተቀመጥኩ። «ይንዱት።»